እምቢ የሚል ፍተሻ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን አንዲት ጎረቤቴ ምን ስሠራ እንደኖርኩ ጠየቀችኝ። ካርድ ክፍል እንደነበርኩ ታውቃለች፤ የእሷንም የልጆቿንም ካርድ ስፈልግላት ኖሬአለሁ። ግራ የገባት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። «ሶፍትዌር እፈትሽ ነበር» ስላት በር ላይ ቆሜ ቦርሳ የምበረብር መስሏት «ውይ፣ በዚህ ዕድሜሽ፣ በዚህ ፀሐይ» ብላ አዘነችልኝ። ላስረዳት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ለራሴም በቅጡ አስረድቼው የማላውቅ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ ትንሽም ለራሴ።

ሥራ የጀመርኩት እጃጂ ነው። ካርድ ክፍሉ አንድ መስኮትና ሦስት መደርደሪያ ነበረው። ሰው የካርድ ቁጥሩን ረስቶ ይመጣል፤ የአባቱን ስም፣ የመጣበትን ቀበሌ፣ ባለፈው ምን አሞት እንደነበር እየጠየቅሁ አገኝለታለሁ። ከእጃጂ ጌዶ፣ ከጌዶ ጊንጪ፣ ከጊንጪ አምቦ ተዛወርኩ። የዝውውር ደብዳቤ በዘገየ ቁጥር ደመወዝም አብሮ ይዘገይ ነበር፤ እሱን ትቼዋለሁ። አለቆቼ ብዙ ነበሩ። አንዱ ካርዶቹ በቀለም ካልተደረደሩ ብሎ ሁለት ሳምንት ሥራ አስፈትቶናል። አንዷ ደግሞ ወንበር ይዛ መጥታ መስኮቱ ጋ ከእኔ ጋር ግማሽ ቀን ትቀመጥ ነበር፤ እሷን እስካሁን እወዳታለሁ።

የዛሬ አሥር ዓመት ግድም፣ ሃምሳን ልደፍን ስል፣ አምቦ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ካርድ ክፍልን የሚያውቅ ሰው ፈለገና እኔን ወሰደኝ። ሥራው ለአካባቢው ጤና ጣቢያዎች ሁለት ፕሮግራም ማዘጋጀት ነበር፤ አንዱ ለካርድ ክፍል፣ ሌላው ለሕፃናት ክትባት ክትትል። ከባዶ አልተጀመሩም። ሌላ አገር ያሉ ሰዎች ጽፈው፣ ኮዱን ማንም እንዲያየውና እንዲያሻሽለው ክፍት አድርገው የተዉትን ወስደን ለእኛ እንዲሆን ነበር የምናስተካክለው። አስተባባሪያችን አቶ ታምራት ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። ደግ ነው፤ ግን ሁልጊዜ መኪና እንዳያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ይቸኩላል።

ሥራ ያስተማሩኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው። የፊዚክስ መምህር ነበሩ፤ ከትምህርት ቤት ጡረታ ወጥተው ኮምፒውተር በራሳቸው የተማሩ። ፍተሻ፣ ማለትም ፕሮግራሙ እንደሚገባው መሥራቱን የሚያረጋግጥ ሙከራ፣ ከመጻፋቸው በፊት አንድ ጤና ጣቢያ ሄደው ከበሽተኛው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አይጠይቁም፣ ያያሉ። ማን ማንን ወክሎ ካርድ እንደሚያወጣ፣ የትኛዋ እናት ወረቀቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ እንደምትቋጥር፣ ማን ከየት ተልኮ ወዴት እንደሚመለስ በአንዲት ትንሽ እርሳስ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ቢሮ ተመልሰው ያንን ደብተር ዘርግተው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ፤ «ኤኙቱ ሃፌ?» ማን ቀረ ማለታቸው ነው። መምህር ሳሉ ተማሪዎች ይዘው ጭልሞ ጫካ ይወርዱ ነበርና አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት እንደዚያ እያሉ ይቆጥሩ እንደነበር ነገሩኝ። አንድ ጊዜ ሳይቆጥሩ ተነስተው አንዲት ልጅ ጫካ ውስጥ ቀርታ፣ ጊንጪ ከደረሱ በኋላ በእግራቸው ተመልሰዋል። ልጅቷን ደህና አገኟት። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ መቁጠር አልተዉም።

አንድ ፕሮግራም ለብቻው ሲሠራ መፈተሽ ቀላል ነው። የእኔ ሥራ ሁለቱ ሲነጋገሩ መፈተሽ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ካርድ ክፍሉ እዚህ ነው፣ ክትባት ክፍሉ ግቢውን ተሻግሮ ነው፤ ወረቀቷን ይዛ የምትሻገረው እናትየዋ ናት። እዚህ ያለው ሠራተኛ ጎበዝ ነው፣ እዚያም ያለችው ጎበዝ ናት፤ ወረቀቷ ግቢው መሐል ከወደቀች ግን የሁለቱም ጉብዝና ዋጋ የለውም። እኛ የምንፈትሸው ግቢውን ነበር። ካርድ ክፍል የገባ ነገር ሳይጎድል ክትባት ክፍል መድረሱን፣ እዚያ የተጻፈውም መመለሱን ማየት ነው።

በእጅ ሲሠራ ያሰለቻል። ስለዚህ ያንኑ ደጋግሞ የሚፈትሽ መሣሪያ መምረጥ ነበረብን፤ ምርጫው ለእኔ ተሰጠኝ። ሁለት አቀረብኩ። አንዱ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ምንጊዜም ነጻ የሆነ፣ ነገር ግን ጥቁር ገጽ ላይ እያንዳንዱን መስመር በእጅ መጻፍ የሚጠይቅ ነው። ሌላው የአንድ ኩባንያ ነው፤ ያምራል፤ አንድ ጊዜ የምሠራውን ሲያይ ይቀዳና በሚቀጥለው ራሱ ይደግመዋል። እንደኛ ላለ ፕሮጀክት ደግሞ በነጻ ይሰጣል። የቱን እንደመረጥኩ መገመት አያቅትም። በዚያን ጊዜ የምጽፈው በሁለት ጣቴ ነበር፤ ጥቁሩን ገጽ ከፍቼ ወዲያው እዘጋው ነበር። ይህንን ግን በስብሰባ ላይ አልተናገርኩም። «ጊዜ ይቆጥባል» ነው ያልኩት።

ኦቦ ገመቹ የመሣሪያውን የፈቃድ ውል ቆመው፣ ጮክ ብለው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ልማዳቸው ነው። ሰው ሁሉ «እስማማለሁ» የሚለውን ብቻ ተጭኖ ያልፋል፤ እሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ባነበቡ ቁጥር በኦሮምኛ ለራሳቸው ተርጉመው እስኪገባቸው አይቀጥሉም። እኛ ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበሩ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። መሣሪያው በየጥቂት ቀኑ በኢንተርኔት ባለቤቱን ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘ ይዘጋል ይላል። ፍተሻዎቹንም የሚያስቀምጠው ከራሱ በቀር ማንም በማያነበው መልክ ነው።

«መስመር ሲጠፋስ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«ይመለሳል» አልኳቸው።

አቶ ታምራትም ከእኔ ጋር ሆነ። ኦቦ ገመቹ ውሉን አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ አስገቡ።

ሁለት ዓመት ያህል መሣሪያው እንደ ሰዓት ሠራ። እኔም ኮራሁ። ከዚያ አካባቢያችን ላይ መስመር የሚጠፋበት ጊዜ መጣ፤ አንድ ቀን ሁለት ቀን እየተባለ ሳምንታት ሄደ። ያን ሰሞን በምዕራብ ሸዋ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል። አንድ ጠዋት መሣሪያውን ስከፍተው ፈቃዱን ማረጋገጥ እንዳልቻለ የሚገልጽ አንድ መስመር ጽፎ ቁጭ አለ። በእጄ ያጠራቀምኳቸው ፍተሻዎች በሙሉ እዚያው ኮምፒውተሬ ውስጥ አሉ፤ ላነባቸው ግን አልችልም።

በዚያው ሳምንት የክትባቱ ፕሮግራም ማሻሻያ መውጣት ነበረበት። ጤና ጣቢያዎቹ አሮጌው መሐል ላይ እየቆመ አስቸግሯቸው እየጠበቁን ነው፤ አቶ ታምራትም ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ኦቦ ገመቹ ወንድማቸው አርፈው ሐሮ ወንጪ ለቅሶ ላይ ነበሩ። እኔ አትሜ ያስቀመጥኩትን ያለፈውን ፍተሻ ውጤት አወጣሁ። ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ ይሆናል፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ያኔ ያለፈ አሁን አይወድቅም ብዬ «አልፏል» የሚለው ላይ ፈረምኩ። ማሻሻያው በፍላሽ ተጭኖ በሞተር ብስክሌት ሄደ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። መሣሪያው ቢዘጋም ፍተሻው ራሱ በእጅ ይቻል ነበር። ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን አድርጌ፣ አንዱን ካርድ ክፍል ሌላውን ክትባት ክፍል ብዬ፣ አንድ ቀን ቢፈጅ ነው። ከማንም ይልቅ እኔ እችለው ነበር፤ ግማሽ ዕድሜዬን የኖርኩበት ሥራ ነው። ሰነፍኩ ማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን መሣሪያውን ለምጄ ራሴን ረስቼ ነበር።

የተበላሸው ይህ ነው። በእኛ አገር ልጅ ሲወለድ ስሙ ወዲያው አይታወቅም። ብዙ ቤት ክርስትና እስኪነሳ ይጠበቃል፤ ለወንድ አርባ ቀን፣ ለሴት ሰማንያ። እስከዚያ ካርዱ ላይ የሚጻፈው «የእገሊት ልጅ» ተብሎ በእናትየው ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች የሚሰጡት በዚያ ስም ነው። በኋላ ስም ሲወጣ ካርድ ክፍል ያስተካክለዋል፤ ለክትባት ክፍልም ይነግረዋል። አዲሱ ማሻሻያ ግን የስም ለውጡን ሲሰማ በድሮው ስም ያለችውን ልጅ ወደ ሌላ ቦታ የሄደች አድርጎ ዘጋት፤ በአዲሱ ስም ደግሞ ማንንም አልከፈተም። ልጅቷ በድሮውም በአዲሱም ስሟ ከክትባት ዝርዝሩ ወጣች። በየፕሮግራሙ ለብቻው ብታዩት ስሕተት የለም።

የተገኘው ከወራት በኋላ ነው። ከጊንጪ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የራሷን የወረቀት መዝገብ ታቅፋ ቢሮአችን መጣች። ልጆቹ እኔ ዘንድ አሉ፣ እናንተ ባወጣችሁት ዝርዝር ላይ የሉም አለችን። አሥራ አንድ ስም አሰምራበታለች። አሥሩን ቤት ለቤት ዞረን አገኘናቸው፤ የዘገየውን ክትባት ወሰዱ። አሥራ አንደኛዋ ቶልቱ የምትባል ልጅ ናት። እሷ ዘንድ ኩፍኝ ቀድሞናል። ተርፋለች፤ የግራ ዓይኗ ግን ደፍርሶ ቀርቷል።

ኦቦ ገመቹ «እንሂድ» አሉኝ። አቶ ታምራት ደብዳቤ ይበቃል ብሎ ነበር፤ አልሰሙትም። የቶልቱ እናት ብርቄ በር ላይ ተቀበለችን፤ ወንበር አወጣችልን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳልሸሽግ ነገርኳት፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኩ። ስም ሲወጣ ፕሮግራሙ ውስጥ ምን እንደሆነም አስረዳሁ። ልጅቷን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ሰማችኝ። የልጅቷ ተራ ሲደርስ እንደ በፊቱ ከዝርዝሩ አንብበው ይጠሩኛል ብላ ስትጠብቅ እንደነበር ነገረችን። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«እንግዲህ ስም ባናወጣላት ኖሮ ትከተብ ነበር?»

«አዎ» አልኳት። ብትጮህብኝ በወደድኩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። አምቦ እንደደረስን ሥራ እለቃለሁ አልኳቸው። ኦቦ ገመቹ አላባበሉኝም። «ልቀቂ፤ መብትሽ ነው። መጀመሪያ ግን ፍተሻውን ጻፊ። የልጅቷን» አሉ። ያንን የሸሸሁትን ጥቁር ገጽ ከፍተው ወንበሬን ሳቡልኝ።

በሁለት ጣት ስጽፍ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። እናት ትመጣለች፤ ልጅ በእናት ስም ትመዘገባለች፤ ትከተባለች፤ ግቢውን ትሻገራለች፤ ሰማንያ ቀን ያልፋል፤ ስም ይወጣል፤ ሌላ ወራት ያልፋል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፤ ልጅቷ በአዲሱ ስሟ ዝርዝሩ ላይ አለች? በቀድሞዎቹ ፍተሻዎቼ የልጆቹን ስም አበበ፣ ጫልቱ እያልኩ ከኪሴ ነበር የማወጣው፤ ሁሉም ተወልደው ስም ይዘው የመጡ ነበሩ። ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው እንደዚያ ዓይነት ልጅ አይቶ አያውቅም። ይህንን ያየሁት ያኔ ነው።

ስጨርስ ኦቦ ገመቹ መጀመሪያ የተበላሸው ማሻሻያ ላይ አስኪጂው አሉኝ። ተስተካክሎ የለም ወይ ብላቸው፣ የተበላሸው ላይ እምቢ የማይል ፍተሻ የተስተካከለው ላይ እሺ ቢልም አላምነውም አሉ። አስኬድኩት። ቀይ ሆነ። እሳቸው ያን ጊዜ ፈገግ አሉ፤ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀይ ደስ አለኝ። የተስተካከለው ላይ ሲሄድ አረንጓዴ ሆነ።

ፍተሻውን በልጅቷ ስም ልጠራው ፈለግሁ። የሰው ልጅ ስም ዓለም የሚያየው ኮድ ውስጥ ዝም ተብሎ አይገባምና ብርቄ ዘንድ ተመለስኩ። የሚጻፈው ስሟ ብቻ እንደሆነ፣ የአባቷም የቀበሌዋም ስም እንደማይኖር አስረዳኋት።

«ይግባ» አለች በመጨረሻ። «ግን ደግሞ እንዳትለውጡት።»

የሥራ መልቀቂያውን ሳልጽፈው ቀረሁ።

በዓመቱ የራሳችንን ሥራ በምን ፈቃድ እንደምንሰጥ የመወሰን ነገር መጣ። አንድ ድርጅት ፕሮግራሙን ወዶ ወስዶ ሊሠራበት ፈልጓል፤ አቶ ታምራት ደግሞ ማንም ወስዶ እንደፈለገ የሚያደርግበትን ልቅ ፈቃድ ነበር ያሰበው። ብዙ ሰው እንዲጠቀምበት ነው፤ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ኦቦ ገመቹ ሁለቱን ዓይነት ፈቃድ እንደልማዳቸው ቆመው አነበቡልን። በልቁ የወሰደ ሰው አሻሽሎ ዘግቶ ሊያከፋፍለው ይችላል። በሌላው ግን አሻሽሎ ለሌላ የሚሰጥ ሰው የለወጠውንም ኮድ ገልጦ መስጠት አለበት። እግረ መንገዳችንንም ከሌላ ቦታ የወሰድናት አንዲት ሥዕላዊ ሰንጠረዥ የምትሠራ ቁራጭ ኮድ ለምርምር ብቻ የተፈቀደች ሆና ተገኘችና እሷን አውጥቶ በሌላ ለመተካት አንድ ወር ለፋን። ፈቃዷን ማንም አንብቦት አያውቅም ነበር።

እኔ ስብሰባ ላይ ብዙ አልናገርም። ያን ቀን ግን እጄን አወጣሁ። መሣሪያው ሲዘጋብኝ በገዛ እጄ የሠራሁትን ማንበብ አቅቶኝ እንደነበር አስታወስኳቸው። «ሌላ ሰው እንደዚያ እንዲሆን አልፈልግም። የወሰደው ሁሉ ከፍቶ ማየት ይችል። ፍተሻዎቹም ከፕሮግራሙ ጋር አብረው ይሂዱ» አልኩ። አቶ ታምራት «እሺ አዴ አስቴር» አለና ልቁን ሰረዘው። ድርጅቱ አልተመለሰም። የቢሮው ሰዎች ለጥቂት ወር እንደ ጥፋተኛ ሲያዩኝ ሰንብተዋል፤ ቻልኩት።

ኦቦ ገመቹ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ቀብራቸው ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ጭልሞ ጫካ ውስጥ የቀረችው ልጅ እኔ ነኝ ብላ አለቀሰች። ደብተራቸው ለእኔ ደረሰኝ፤ የእርሳሷ ቁራጭ እስካሁን ውስጡ አለች። ይናፍቁኛል።

የእሳቸውን ወንበር ሰሚራ ያዘች። ከደሴ መጥታ አምቦ የተማረች፣ በአሥሩም ጣቷ የምትጽፍ ልጅ ናት። ጡረታ ልወጣ ወራት ሲቀሩኝ አንድ መልእክት አሳየችኝ። ሌላ አገር ፕሮግራማችንን ወስደው ለራሳቸው ጤና ጣቢያዎች የሚያዘጋጁ ሰዎች ናቸው። «ቶልቱ» የሚባል ፍተሻ አለ፤ ምን እንደሆነ አልገባንም፤ ከሁሉም ይዘገያል፤ እናውጣው ወይ ይላሉ። ሰሚራ ተናደደች። እንከልክላቸው አለችኝ። ልንከለክል አንችልም፤ ያወጣነው ፈቃድ መለወጥም መሰረዝም ይፈቅዳል፤ ያንን ፈቃድ ደግሞ እጄን አውጥቼ የጠየቅሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ በአማርኛ አምስት መስመር ጻፍኩ። ልጆች በእናታቸው ስም የሚጠሩበት ጊዜ እንዳለ፣ አንዲት ልጅ በስሟ መውጣት ምክንያት ከዝርዝር እንደወጣች፣ ዓይኗንም። ሰሚራ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ላከችው፤ እዚያው ፍተሻው አናት ላይም ለጠፈችው። መልስ አልመጣም። ጡረታዬን ወጣሁ።

ባለፈው ወር ሰሚራ ደወለች።

«አዴ አስቴር፣ ቶልቱ ቀይ ሆናለች።»

«እኛ ጋ?»

«እነሱ ጋ። አላወጧትም ነበር።»

ነገሩን ቀስ አድርጋ ነገረችኝ። እነሱም አገር ልጅ ሳይሰየም የሚቆይባቸው ሰዎች አሉ። አንድ ሰው ዝርዝሩን ለማፍጠን ብሎ የለወጠው ነገር ያንኑ የኛን ስሕተት መልሶ አምጥቶት ነበር። ሌላው ፍተሻ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ አለፈ፤ ቶልቱ ብቻ ቀይ ሆነች። ማሻሻያው ከቢሮ ሳይወጣ ቆመ። ያረሙትንም ኮድ ለእኛ ልከውልናል።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ወደ ጊንጪ ሄድኩ። ብርቄ አሁን መንገድ ዳር ወዳለ ቤት ተዛውራለች። ቶልቱ ከትምህርት ቤት መጥታ በር ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠግታ ትጽፋለች። ለእናትየው የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ያኔ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደሰማችኝ፣ አሁንም እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ቶልቱ፣ ነይ። አዴ አስቴር ስምሽ የት እንደደረሰ ትንገርሽ።»

ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ቆመች። አገሩን ነገርኳት፤ በካርታ አታውቀውም። እዚያ ስማቸው ገና ያልወጣላቸው ሕፃናት እንዳሉ፣ አንድ ማሽን ሊረሳቸው ሲል እሷ እንዳስቆመችው ነገርኳት። ባለማመን እናቷን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«እኔ ምን አደረግኩ?» አለችኝ።

«እምቢ አልሽ» አልኳት።